የንብረት ግብር ጣሪያ፤ ለነዋሪው ወይስ ለሕንፃው?

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል። ስፋታቸው እኩል ነው፤ የክፍሎቻቸው ብዛትም አንድ ነው። የሚያገለግላቸው መንገድ፣ ፖሊስና የእሳት አደጋ መከላከያም ያው ነው። አንደኛውን ቤት ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 በ80 ሺህ ዶላር ገዝቶታል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2025 በ1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ለአካባቢው ዕዳ መክፈያ የሚጨመረው ሳይቆጠር፣ የፊተኛው ባለቤት የዓመት ግብር ቢበዛ 1 ሺህ 950 ዶላር ገደማ ነው። የኋለኛው 10 ሺህ ዶላር ይከፍላል። በሁለቱ ጎረቤቶች መካከል ያለው ልዩነት አምስት እጥፍ ነው ማለት ነው። ይህንን ልዩነት ያመጣው የቤቱ ዋጋ አይደለም፤ የባለቤቱ ገቢም አይደለም። ቤቱ የተገዛበት ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ የገማች ስህተት ወይም የጉቦ ውጤት እንዳይመስል። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት በግልጽ ያዘዘው ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1978 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው "ፕሮፖዚሽን 13" የንብረት ግብርን ጣሪያ አበጅቶለታል። ይህ ጣሪያ ይነሳ፣ ይሻሻል ወይስ እንዳለ ይቆይ የሚለው ክርክር ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነው።

ክርክሩ ለአዲስ አበባ ነጋዴ፣ ደላላና የሪል ስቴት ባለሀብት የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የጣሪያና ግድግዳ ግብር ተመኗን አሻሽላለች። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ከመንገዱ ማዶ ሆና የምትተርከው፣ ኢትዮጵያ አሁን የጀመረችውን ጉዞ ነው። ከዚያ ተሞክሮ አንድ ዋና ትምህርት ይገኛል። ጣሪያ ማበጀት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ ለሰው የታሰበውን ጣሪያ ለሕንፃና ለቀን መስጠት ነው።

ቁጣው ከየት መጣ?

የካሊፎርኒያ ሕዝብ በአንድ ሌሊት ተነስቶ ግብር አልጠላም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በሳንፍራንሲስኮ የንብረት ዋጋ ገማቾች ቅሌት ወጣ። አንዳንድ የንግድ ድርጅቶች ግምታቸው ዝቅ እንዲልላቸው ጉቦ ይከፍሉ እንደነበር ተጋለጠ፤ የከተማዪቱ ዋና ገማችም እ.ኤ.አ. በ1966 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። የግዛቲቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ማንኛውም ንብረት በአንድ ወጥ መለኪያ፣ ማለትም በገበያ ዋጋው 25 በመቶ እንዲገመት የሚያዝ ሕግ አወጣ።

ሕጉ የታሰበው ለፍትሕ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት በምርጫ ሥልጣን የሚይዙት ገማቾች የመራጩን መኖሪያ ቤት ዝቅ፣ የንግዱን ንብረት ደግሞ ከፍ አድርገው መገመት ልማዳቸው ነበር። ወጥ መለኪያው ሲመጣ ሸክሙ ከንግዱ ወደ መኖሪያ ቤቱ ዞረ። በ1970ዎቹ የዋጋ ግሽበት ሲጨመርበት የቤት ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ግብሩም ተከትሎት ወጣ። በጡረታ የሚተዳደር ሰው ቤቱን ሳይሸጥ፣ ገቢው ሳይጨምር፣ የግብር ወረቀቱ ብቻ በየጊዜው እየከበደ ይመጣበት ጀመር። የግዛቲቱ ካዝና በቢሊዮን የሚቆጠር ትርፍ ይዞ መቀመጡ ደግሞ ቁጣውን አባባሰው።

ሐዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። ከመራጩ 65 በመቶ ያህሉ ደገፋቸው። ድንጋጌው በአጭሩ እንዲህ ይላል። ግብሩ ከንብረቱ ዋጋ 1 በመቶ አይበልጥም። መነሻው የ1975ቱ ዋጋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለተገዛ ደግሞ የተገዛበት ዋጋ። ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አይጨምርም። ዳግም በገበያ ዋጋ የሚገመተው ንብረቱ ባለቤት ሲለውጥ ወይም አዲስ ግንባታ ሲደረግበት ብቻ ነው። የግዛቲቱ ምክር ቤት ግብር ለመጨመር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ከንብረት ግብር የሚገባው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ወረደ። የግዛቱ መንግሥት ከትርፉ እያወጣ ከተሞችንና ትምህርት ቤቶችን ደጎመ፤ ከዚያ ወዲህም የበጀቱ ቁልፍ ከየከተማው ወጥቶ ዋና ከተማዋ ሳክራሜንቶ ገባ። ግዛቲቱ ፊቷን ወደ ገቢ ግብር፣ በተለይም ወደ ባለጸጎች የአክሲዮን ትርፍ አዞረች። የአክሲዮን ገበያው ሲያስነጥሰው በጀቷ ጉንፋን ይይዘዋል። ከተሞቹም ከመኖሪያ ቤት ይልቅ የሽያጭ ታክስ የሚያስገባ የገበያ ማዕከልና የመኪና መሸጫ ቢከፈትላቸው መረጡ።

ሰው ይሞታል፤ ኩባንያ አይሞትም

ለሕጉ ድምፅ የሰጠው ሰው በዓይነ ሕሊናው የታየችው ቤቷን እንዳትነጠቅ የምትፈራ አሮጊት ናት። ድንጋጌው ግን አሮጊቷንና የመቶ ፎቅ ባለቤቱን አልለየም። ለመኖሪያ ቤት የተበጀው ጣሪያ ለሆቴሉ፣ ለፋብሪካውና ለቢሮ ሕንፃው በእኩል ተዘረጋ።

እኩልነቱ ግን በወረቀት ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ባለቤት ሥራ ይቀይራል፣ ይፋታል፣ ያረጃል፣ ይሞታል፤ ቤቱም ይሸጣል። በተሸጠ ቁጥር ግምቱ ከገበያው ጋር ይገናኛል። ኩባንያ ግን አይሞትም። ሕንፃውን የያዘው ድርጅት ባለቤትነቱ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞርም፣ ከ50 በመቶ በላይ የሆነው ድርሻ በአንድ ወገን እጅ ካልገባ ሕጉ "ባለቤት አልተለወጠም" ይላል።

ይህ ቀዳዳ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በሳንታ ሞኒካ ከተማ የአንድ ታዋቂ ሆቴል ጉዳይ አሳይቷል። ሆቴሉ እ.ኤ.አ. በ2006 ሙሉ በሙሉ ለአዲስ ገዢዎች ተላለፈ። ድርሻው ግን ማንም ብቻውን ከግማሽ በላይ እንዳይዝ ተደርጎ በባል፣ በሚስትና በአንድ ሌላ ወገን ድርጅቶች መካከል ተከፋፈለ። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ንብረቱን በአዲሱ ዋጋ ቢገምትም በፍርድ ቤት ተረታ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ሕጉ እንደተጻፈ ይሠራል አለ። ገዢዎቹ ሕግ አልጣሱም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሦስት መቶ ሺህ ዶላር ተበድሮ ቤት የገዛ አንድ መምህር በማግሥቱ በገበያ ዋጋ ሲገመት፣ ውሉን የሚከፋፍልለት ጠበቃ መቅጠር የሚችለው ሰው አይገመትም።

የመኖሪያ ቤቱም ልዩነት ቢሆን ሳይከሰስ አልቀረም። በሎስ አንጀለስ አዲስ ቤት የገዛች አንዲት ሴት ከጎረቤቶቿ በብዙ እጥፍ መክፈሏን ተቃውማ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሳለች። ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1992 በ8 ድምፅ ለ1 ድንጋጌው እንዲጸና ወሰነ። ነባሩ ባለቤት ሳይዘጋጅ ድንገተኛ ግብር እንዳይወድቅበት መጠበቅ ተገቢ ምክንያት ነው፤ አዲሱ ገዢ ግን ምን ያህል እንደሚከፍል አውቆ ነው የሚገዛው የሚል ነበር ምክንያቱ። ለነዋሪ ሰው ይህ አባባል ሚዛን ይደፋል። ለኩባንያ ግን ምን ያህል ይሠራል? ሕንፃ ጡረታ አይወጣም።

የ2020ው ሙከራና የተከራዩ ፍርሃት

ሁለቱን ጣሪያዎች ለመለያየት ትልቁ ሙከራ የተደረገው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2020 ነው። "ፕሮፖዚሽን 15" የመኖሪያ ቤቶችን ጣሪያ ሳይነካ የንግድና የኢንዱስትሪ ንብረቶች በገበያ ዋጋ እንዲገመቱ ጠየቀ። የእርሻ መሬት ነፃ ነበር። በግዛቲቱ ያለው የንግድ ንብረቱ ከ3 ሚሊዮን ዶላር የማይበልጥ ባለቤትም ነፃ ነበር። በዓመት ከ6.5 እስከ 11.5 ቢሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤቶችና ለአካባቢ አስተዳደሮች እንደሚያስገባ ተገምቶ ነበር። መራጩ 52 በመቶ ለ48 በመቶ ጣለው።

የጣለው ምንድን ነው? የባለ ትላልቅ ሕንፃዎች ክርክር ብቻውን አልነበረም። የትናንሽ ነጋዴዎች ፍርሃት ነው። በካሊፎርኒያ በብዙ የንግድ ቤት ኪራይ ውሎች ላይ ግብሩን፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን የሚከፍለው ተከራዩ ነው። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ "ሊትል ኢትዮጵያ" በሚባለው ሠፈር፣ በኪራይ ቤት ክትፎና ጥብስ የሚሸጥ ሰው "የአከራይህ ግብር ሲጨምር ሒሳቡ ላንተ ይመጣል" ቢባል ባይደነግጥ ነው የሚገርመው። ያውም በኮሮና ወረርሽኝ ገበያው በተዘጋበት ዓመት!

ፍርሃቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። የኪራይ ውሉ እስኪያበቃ ድረስ ግብሩ በተከራዩ ትከሻ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ውሉ ሲታደስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኪራይን የሚወስነው የቦታው ተፈላጊነት እንጂ የአከራዩ የግብር ደረሰኝ አይደለም። ባለቤቱ በ1978 የያዘው ሱቅና ባለቤቱ ባለፈው ዓመት የገዛው ሱቅ ጎን ለጎን ቢሆኑ፣ የፊተኛው አከራይ ግብሩ አነስተኛ ነውና ብሎ ለተከራዩ ኪራይ አይቀንስም። ገበያው የሚሸከመውን ያህል ይጠይቃል፤ ልዩነቱም ኪሱ ይገባል።

ለዚህ ማስረጃው ራሱ የ1978ቱ ዘመቻ ነው። ጃርቪስ ለሎስ አንጀለስ የአፓርታማ አከራዮች ማኅበር ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። በዘመቻው ወቅት ግብሩ ከቀነሰ ኪራይም እንደሚቀንስ ለተከራዮች ተነግሯቸው ነበር። ግብሩ ቀነሰ፤ ኪራዩ ግን በተባለው መጠን አልቀነሰም። የተቆጡት ተከራዮች ትግል ካመጣቸው ውጤቶች አንዱ ሳንታ ሞኒካን በመሳሰሉ ከተሞች በቀጣዩ ዓመት የወጣው የኪራይ ቁጥጥር ሕግ ነው። ግብር ሲቀንስ ያልወረደ ኪራይ፣ ግብር ሲጨምር በሙሉ ይወጣል ብሎ መከራከር አንድ ዓይንን ጨፍኖ እንደማየት ነው።

በዚያው የ2020 ምርጫ ሌላም ጉዳይ ለድምፅ ቀርቦ ነበር። "ፕሮፖዚሽን 19" ከወላጅ የተወረሰ ቤት የድሮውን ዝቅተኛ ግምት ይዞ የሚቀጥለው ልጁ ራሱ ሲኖርበት ብቻ፣ ያም በገደብ፣ እንዲሆን ጠየቀ። በሌላ በኩል ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ቤት ሲቀይሩ የድሮ ግምታቸውን ይዘው እንዲሄዱ ሰፋ ያለ መብት ሰጠ። ዋናው ደጋፊ የቤት ሽያጭ ወኪሎች ማኅበር ነበር። ደላላ የሚያውቀው ነገር ስላለ ነው፤ ቤቱን ቢሸጥ ግብሩ አምስት እጥፍ የሚሆንበት ሰው አይሸጥም። ልጆቹ ወጥተው አምስት ክፍል ባዶ ቢቀርም አይሸጥም። ገበያው ይቆለፋል፤ ወጣቱ ቤተሰብ ደጅ ይቀራል፤ ደላላውም ኮሚሽን ያጣል።

ይህኛው በጠባብ ድምፅ አለፈ። የሁለቱ ውጤቶች ንጽጽር ብዙ ይናገራል። ያው መራጭ፣ በያው ቀን፣ ጥበቃው ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው እንዲከተል ተስማምቷል። የማይኖርበት ወራሽ ጥበቃውን ቢያጣ አልተቃወመም። ንግዱን በተመለከተ ግን "መጨረሻው እኔው ዘንድ ነው" የሚለውን ስጋት የሚያረግብ መልስ አላገኘም።

የተቃዋሚዎቹም እውነት አለ

ለጣሪያው የሚከራከሩት ወገኖች የሚያነሱት ሁሉ የሚጣል አይደለም። አንደኛ፣ ነጋዴ ከምንም በላይ የሚፈልገው የነገን ወጪ ማወቅ ነው። በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንደማይጨምር የሚታወቅ ግብር ለዕቅድ ይመቻል። ሁለተኛ፣ ከ2008ቱ የቤት ገበያ ውድቀት በኋላ የካሊፎርኒያ የንብረት ግብር ገቢ ከገቢ ግብሩ ይልቅ ጸንቶ የቆመው ብዙው ግምት ከገበያው በታች ስለነበረ ነው። ሦስተኛ፣ ሁሉን ሕንፃ በየጊዜው በገበያ ዋጋ መገመት በቂና ሐቀኛ ገማች ይጠይቃል። የሳንፍራንሲስኮው ታሪክ ያለ ሐቀኛ ገማች የሚሆነውን አሳይቷል። አራተኛውና ትልቁ ደግሞ እምነት ነው። የ1978ቱ መራጭ የጨመረው ገንዘብ ሳክራሜንቶ ተከማችቶ አይቷል፤ ሌላ ለምን ይክፈል?

እነዚህ አራት ነጥቦች ግን ለተሻለ አሠራር የሚቀርቡ መከራከሪያዎች እንጂ፣ የ1975ቱን ዋጋ ለዘለዓለም ለማጽናት የሚሆኑ አይደሉም። የዓመት ጭማሪውን መገደብና ግምቱን በየተወሰነ ዓመት ከገበያው ጋር ማገናኘት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። የግብሩ መሠረት ሲሰፋ መጣኔውን መቀነስም ይቻላል። አቅም የሌለውን ነዋሪ ለመጠበቅም ሌላ መንገድ ሞልቷል። ካሊፎርኒያ ራሷ ዕድሜያቸው ከ62 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ የቤት ባለቤቶች ግብራቸውን በወለድ አዘግይተው ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲተላለፍ እንዲከፍሉ የምታደርግበት ፕሮግራም አላት። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሚኒሶታ ደግሞ ግብሩ ከቤተሰቡ ገቢ ጋር ሲነጻጸር ከበዛ ከፊሉን ትመልሳለች። ጥበቃው ለሰውየው አቅም ነው፤ ለግዢው ቀን አይደለም።

ለአዲስ አበባ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሁኔታ የተለየ መሆኑ ግልጽ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ግብሩም የሚያርፈው በይዞታ መብቱና በሕንፃው ላይ ነው። የቆየው የከተማ ቤት ግብር ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 80/1968፣ የወጣው ከፕሮፖዚሽን 13 ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ለአሠርት ዓመታት ግምቱ ከገበያው ጋር ሳይገናኝ ኖረ። በሌላ አነጋገር፣ አዲስ አበባ ያለ ሕዝበ ውሳኔና ያለ ሕገ መንግሥት የራሷን ጣሪያ በዝምታ አበጅታ ነበር። ዘንድሮ ከ1978 በፊት እንደነበረው ካሊፎርኒያዊ "ድንገት ተጨመረብኝ" የሚለው ነዋሪ ብዛትም ከዚሁ የመጣ ነው።

ጣሪያ ይደረግ የሚል ጥያቄ ወደፊት መምጣቱ አይቀርም፤ አግባብም አለው። በመሐል ከተማ አሮጌ ቤት ውስጥ በጡረታ የሚኖሩ እናት የቦታቸው ዋጋ ሚሊዮኖች መድረሱ እንጀራ አይሆናቸውም። ይሁን እንጂ የካሊፎርኒያን መፍትሔ እንዳለ መቅዳት እዚህ ይበልጥ አደገኛ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት በውል ላይ የሚጻፈው ዋጋና ከእጅ ወደ እጅ የሚቆጠረው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የማይገናኙ መሆናቸው ነው። ይህንን ከደላላ በላይ የሚያውቅ የለም። ግብር በተገዛበት ዋጋ ይወሰን ቢባል፣ ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ ሰው አንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ ይሸለማል። ሁለተኛው ግሽበት ነው። የኑሮ ውድነቱ ለዓመታት በሁለት አኃዝ ሲጨምር በኖረበት አገር የ2 በመቶ ጣሪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግብሩን ባዶ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። አንዴ የተሰጠ ጣሪያ በቀላሉ አይነሳም። ባለሀብት ሕንፃ ሲገዛ ዝቅተኛውን ግብር አስቦ ዋጋ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ቢነሳ የተቀማ ያህል ይቆጥረዋል፤ ከእሱ የገዛውም እንዲሁ። ካሊፎርኒያ ግማሽ ምዕተ ዓመት የታሰረችው በዚህ ገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እንኳ ለቤቶች ግንባታና ለመሠረተ ልማት የሚወሰድ የአካባቢ ብድር በ55 በመቶ ድምፅ ይጽደቅ የሚለው መለስተኛ ማሻሻያ በሕዝብ ድምፅ ወድቋል።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አዲሱ አዋጅ ሥር ሳይሰድ ሦስት ነገሮች ተለይተው ቢቀመጡ ይሻላል። ነዋሪው የሚጠበቀው በአቅሙ ልክ ይሁን፤ መክፈል ያልቻለ ይዘግይለት እንጂ ባለ ፎቁ በእሱ ስም አይጠለል። የንግድ ሕንፃ በታወቀ የጊዜ ልዩነት ይገመት፤ ጭማሪውም በአንድ ቀን ሳይሆን በደረጃ ይምጣ፤ የመርካቶና የቦሌ ተከራይ ውሉን ሲፈርም ምን እንደሚጠብቀው ይወቅ። የተሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ በየክፍለ ከተማው ምን እንደሠራ በይፋ ይነገር። ይህ ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ አይቆሙም። በ1978 የካሊፎርኒያን መራጭ ያስቆጣው የግብሩ ክብደት ብቻ አልነበረም፤ ገንዘቡ ተከማችቶ እያየ ተጨማሪ መጠየቁ ነው።

የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚከፍል ሁሉ ጣሪያ ቢመኝ አይፈረድበትም። ጥያቄው ከጣሪያው በታች ማን ይጠለላል የሚለው ነው። ካሊፎርኒያ አሮጊቷን ልትጠልል የሠራችውን ጣሪያ ሆቴሉና ፋብሪካው ተካፈሉት። አሮጊቷ ሞተች፤ ሆቴሉ ግን ዛሬም ከሥሩ አለ።